በዕረፍት ያለፈ

አሥራ ስድስት ሳጥን በእርሳስ አሰመርሁ፣
በካርቶን ጀርባ ላይ፣ ማስመሪያ ተውሼ፤
የተመዘገበ አሥራ ሦስት አገኘሁ፣
እንደገና ቆጠርሁ፣ ጣቴን በምራቅ አርሼ።

ሦስቱ ሳጥን ባዶ።
ባዶውን ሳጥን እኛ «ዕረፍት» እንለዋለን፤
ዕጣው የወጣለት፣ ላብ ሳይነካው አልፎ፣
ሁለተኛው ዙር ላይ ቆሞ እናገኘዋለን።
«አረፈ፤ አለፈ» ስል በቀይ እስክሪብቶ፣
ጽዳት የምትሠራው ይታይሽ አንብባ፣
ነጠላዋን ገልብጣ፣ መጥረጊያዋን ጥላ፣
«ማን ነው?» አለች ደንግጣ፣ ዓይኗ ሞልቶ እንባ።
ሳቅሁባት። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

የማርቆስ ሰው የሚያየው ሁለት ሰው፣ አንድ መረብ፤
ከመረቡ በፊት ግን ደብዳቤ አለ፣ ማኅተም የሚራብ፦
ለውኃ አገልግሎት፣ ቀዩ አፈር እንዳይቦንብን፤
ለፖሊስ፣ ቅዳሜ ነው፣ የገበያ በሬ በሜዳው እንዳያልፍብን፤
ለጤና ጣቢያው፣ አንድ ነርስ፣ ፋሻና በረዶ
(በረዶ የለም አሉ። ከጮቄ ይውረድ ወይ?)፤
ለሆቴሉ፣ ስድስት አልጋ፤ የሞጣ ልጆች ይጾማሉ፤
የዳንግላዎቹ አውቶቡስ ጎማ ፈንድቶበት ቆሟል አሉ።
ኳስ፦ ሁለት ቆርቆሮ አዲስ፣ ለፍጻሜ ተቆልፎ፤
ለሌላው ዙር የአምናው፣ ጠጉሩ የረገፈው፣
ከቦይ ውስጥ ታፍሶ፣ ከጣሪያ ላይ ተራግፎ።

የዳኛው ወንበር የቀለም ቀቢው መሰላል፤
የመስመር ዳኛው መምህር ልየው፣ ጂኦሜትሪ ያስተምራል፤
ስሙ እንደ ሥራው ነው፣ ሳያይ አይፈርድም።
ሒሳቡንም የነገረኝ እሱ ነው፦
«አሥራ ሦስት ሰው ከገባ ግጥሚያው አሥራ ሁለት ነው፤
አንድ ግጥሚያ፣ አንድ ተሸናፊ፤ ሌላ ቀመር የለው።
ዋንጫማ ማንም ያነሣዋል። አንቺን የሚፈትንሽ
አሥራ ሁለቱ ናቸው፤ አንገት ሳታስደፊ መሸኘት ካወቅሽ።»

መስመሩን የሚያሰምር ጋሽ ቢተው ነበር፤
ሲባጎ፣ ሁለት ችካል፣ ኖራ በጣሳ።
ስሙ «ቢተው» ይሁን እንጂ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ
አንዲት መስመር ትቶ፣ አንዲት ጥግ አልረሳ።
ኳስ ለቃሚ ልጆች ከበው ሲጠይቁት፣
«መስመር የነካችስ?»
«የነካች ውስጥ ናት።»
ዓርብ ማታ ሦስቱን ጎን ጨረሰ።
አራተኛውን፣ በውትርን በኩል ያለውን፣
«ጠዋት፣ ጤዛው ሲነሣ» ብሎ አሳደረው።

ቅዳሜ ጤዛው ተነሣ።
እሱ አልተነሣ።

አንድ ደብዳቤ ጨመርሁ፦
ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግጥሚያ የለም።
ምክንያት፦ ቀብር። ግልባጭ፦ ለሁሉም።
ጠዋት ተጫወትን፣ ከሰዓት ቀበርነው፤
የሞጣዎቹ፣ የቡሬዎቹ፣ ከነቱታቸው፣
ቃሬዛውን እየተቀባበሉ፤ ትከሻ ነበራቸው።
አራተኛውን መስመር ልጆቹ ጨረሱት፣
በሱ ሲባጎ፣ በሱ ጣሳ። ትንሽ ጎበጠ።
መምህር ልየው አየው፤ ጂኦሜትሪውን ዋጠ።

ማታ፣ ሦስተኛው ባዶ ሳጥን ውስጥ፣
«ዕረፍት» ያልሁትን ሰርዤ ስሙን ጻፍሁ፦ ቢተው።
ይታይሽ አየችው።
ነጠላዋን ቀድማ ገልብጣ ነበር፤
አልጠየቀችም፣ ማን ነው።

እሑድ፣ ፍጻሜ። ቆርቆሮው ተከፈተ፤
እስስ አለ፣ አንድ ትንፋሽ።
የቡሬው አንሙት፣ ያ ዘግይቶ የደረሰው የዳንግላ ልጅ፣
ሕዝቡ አንገቱን ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ እንደ ሚጥሚጣ ነጋዴ ወንፊት፤
ነጥቡ ሲያልቅ ሊያልቅ፣ ኳሷ ከፍ ብላ
ከጎበጠችው መስመር ላይ አረፈች።
ነጭ ብናኝ ብድግ አለ።

«ወጥታለች!» አለ አንሙት።
መምህር ልየው ጎንበስ አለ፣ አየ፣
መዳፉን ወደ መሬት ዘረጋ።
እኔ ከጠረጴዛዬ፣ እርሳሴን እንደያዝሁ፣
ልጆቹን ሰማሁ፣ አጥሩ ሥር፣ ቀስ ብለው፣
የነካች፣ ሲሉ፣
የነካች ውስጥ ናት።